ብቁ ነሽ ወይ ተብዬ ባሕር ዳር የሰነበትሁበት

ገበያ በዋልሁ ቁጥር አንዷ እህሏን ስታስለካ፣ ሌላዋ ተራ ስትጠብቅ፣ «ኧረ ስንቅነሽ፣ ባሕር ዳር ሂደሽ ምን አሉሽ? ሆድሽን ሊቀዱት ነው አሉ» ትለኛለች። ለአንዷ ጀምሬ ሳልጨርስ ሌላዋ ትመጣና ከመሃሉ ትሰማለች፤ ከመሃል የሰማችው ደግሞ ሂዳ የራሷን ጨምራ ታወራለች። ባለፈው «ጨጓራዋን አውጥተው የበግ ጨጓራ ሊተኩላት ነው» ተብሎ መወራቱን ስሰማ፣ በቃ ከነመንገዱ፣ ከነምግቡ፣ ከነሰዉ ልጻፈው አልሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ጆንያ ላይ ከታተመው ነው። ያጣመምሁትን እያቃናችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድሁ ልንገራችሁ። በእኛ በደንቢያ «ወፈርሽ» ማለት ምርቃት ነው። እኔም ውፍረቴን እንደ ጌጥ ተሸክሜው ኖሬያለሁ፤ የከሳች እህል ነጋዴን ማን ያምናታል? ነገር ግን ስኳሩ መጣ፣ ከስኳሩ ጋራ የጉልበት ሕመም መጣ። ባለፈው ሰሙነ ሕማማት ቤተ ክርስቲያን ሂጄ መስገድ አቃተኝ። አንዴ ወርጄ ሁለት ሰው አነሣኝ። ከዚያ ከአሮጊቶቹ ጋራ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። እናቴን የሚያህሉ ሴት ከፊቴ ወርደው ሲነሡ፣ ወርደው ሲነሡ እያየሁ ዋልሁ። የቆረጥሁ ያን ቀን ነው።

ስኳሬን የምትከታተለኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ሐኪሞች ባሕር ዳር አንድ ሆስፒታል ውስጥ ውፍረት ለሚያስቀንስ ቀዶ ጥገና ሰው እያዩ እንደሚመርጡ ነገረችኝ። ብቁ የተባለው አዲስ አበባ ሂዶ ይሠራለታል፤ ያልተባለው ይመለሳል። ለባለቤቴ ለፈንታሁን ይህን ስነግረው ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ታዲያ ባይመርጡሽስ?» አለኝ።

«እመለሳለኋ።»

«ቢመርጡሽም ባይመርጡሽም እኔ መርጬሻለሁ። ደግሞ ግማሽሽን እዚያ ጥለሽ እንዳትመጭ» አለኝና ዱቄት ሊያስጭን ገባ።

ኅዳር መግቢያው ላይ፣ መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ሰሞን ተነሣሁ።

ሰኞ

ከቆላ ድባ በማለዳ ጎንደር ገባሁና መናኸሪያ የባሕር ዳሩን ሚኒባስ ያዝሁ። ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አየኝና «እናቴ፣ እርስዎ የሁለት ሰው ነው የሚከፍሉ» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔ ኩንታል ሳስጭን የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ጭነት በክብደቱ እንደሚከፈልበት አላጣውም።

«እሽ ልጄ፣ እከፍላለሁ። ነገር ግን የከፈልሁበትን ወንበር የማዝዝበት እኔ ነኝ» አልሁት።

አዘዞን ሳናልፍ ሌላ ሰው ሊጭንብኝ መጣ። «ተሽጧል» አልሁት። ትንሽ ሂደን ደግሞ መጣ። «ተሽጧል አልሁህ እኮ።» ማክሰኚት ላይ ግን አንዲት ቀጭን መነኩሲት መቋሚያቸውን ይዘው ሲለምኑት ቦታ የለም ብሎ ሊዘጋባቸው ሲል፣ «እማሆይ ይግቡ፤ ወንበሩ የእኔ ነው» አልሁ። ገቡና እንደ ጫጩት ከጎኔ ተሸጎጡ። ከእኔ የተረፈው ለሳቸው በቃቸው። ቀና ብለው አዩኝና እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፦ «ሥጋሽን ያለምልመው።»

«እማሆይ፣ እሱን እንኳ ላስቀንስ ነው የምሄድ» ብላቸው መኪናው ሁሉ በሳቅ ተናጋ። ረዳቱም ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ «እማማ ባለ ሁለት ወንበር» እያለ ሲጠራኝ ዋለ።

አዲስ ዘመን ላይ ለምሳ ወረድን። ቁርሴን በልቼ ስለነበር ሻይ ብቻ አዘዝሁ። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ትሪውን ወደ እኔ ገፋና «ብቻዬን ልበላ ነው? በሞቴ ይችን» ብሎ ጠቀለለልኝ። በሞቴ ያለን ሰው እንዴት እምቢ ይሉታል? ሙት እንደማለት ነው። ጎረስሁ። የሱ ጓደኛ ደግሞ «የሱን ጎርሰሽ የእኔን ልትተይ? በሞቴ» አለኝ። ጎረስሁ። አንድ የሚጎርሱት መቼም ያጣላል። እንዲህ ሆኜ፣ ውፍረት ላስቀንስ የወጣሁ ሴት፣ ምሳ ሁለት ሰው አብልቶኝ ተነሣሁ።

ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዙ እየታጨደ ነበር። እኛ ጋ ጥቁሩ አፈር ጤፍና ሽምብራ ነው የሚያውቀው፤ እነሱ ውሃ የተኛበትን መሬት ሁሉ ሩዝ አድርገውታል። ወረታ ላይ የሩዝ እንጀራ አየሁ፤ ንጣቱ ዓይን ይወጋል። መልኩን አልነሣውም። የደንቢያ ጤፍ ግን ሳይነጣም ይከበራል።

ባሕር ዳር በዘንባባዎቹ መካከል ገባን። እኛ ጋ ዛፍ ለጥላ ይቆማል፤ እዚያ ለሰልፍ የቆመ ይመስላል። ባጃጅ ስይዝ ወደ እኔ ዘመመች። ልጁ ዞሮ «እማማ፣ መሃል ይሁኑልኝ፤ ኩርባው ላይ እንዳንተኛ» አለኝ። መሃል ሁኜ፣ እንደ ንግሥት ሁለቱንም በር ይዤ፣ ሽምብጥ ሰፈር ደረስሁ።

ያረፍሁት አበልጄ ቤት ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ የመጀመሪያ ልጄ የክርስትና እናት ናቸው። ባለቤታቸው መርጌታ ጥበቡ ያን ጊዜ ቆላ ድባ የዜማ መምህር ነበሩ፤ ኋላ ባሕር ዳር ተዛወሩ። እትዬ በር ላይ አቅፈውኝ፣ ወዲያው ራቅ አድርገው አዩኝና «ምነው ከሳሽ?» አሉኝ። መርጌታ ከውስጥ ሆነው «ማንጠግቦሽ፣ መነጽርሽን አድርጊ» አሉ።

ራት ቀረሶ ተጠብሶ፣ በአዋዜ ቀረበ። እትዬ ዓሣውን እየፈለፈሉ፣ እሾሁን እያወጡ፣ «በሞቴ ይችን፣ ይችን ደግሞ በሞቴ» አሉኝ። ባሕር ዳር የገባሁ ዕለት ስንት ጊዜ እንደሞቱልኝ እንጃ። መርጌታ ለማኅሌት በሌሊት ስለሚነሡ ሳሎን ይተኛሉ፤ እኔና እትዬ አንድ ክፍል ተኛን።

ማክሰኞ

ሆስፒታሉ ስደርስ መጠበቂያው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቆላ ድባ ላይ የኔን ያህል የለም፤ «ወፍራሟ ነጋዴ» ካሉ እኔ ነኝ። እዚያ ግን መካከለኛ ሆንሁ። ወንበሮቹ እንኳ ክንድ የላቸውም፤ ሰፋ ብለው ይቀመጡባቸዋል። ያንን ያሰበ ሰው ይባረክ አልሁ በሆዴ።

ሲስተሯ ወደ ሚዛን ስታወጣኝ ቁጥሩን ሰው እንዳያይብኝ በክንዷ ከለለችው። «ተይው ልጄ። ስንቱን ስመዝን ኖሬ የራሴን ብሸሽግ ነውር ነው» አልኋት። ክንዷን አነሣች። ኩንታሉን አልፌ፣ ከላዩ ደህና አድርጌ አትርፌ ነበር። ከዚያ ቁመቴን ለኩ፣ ወገቤን ለኩ፣ ግፊቴን ለኩ።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ግን ረጋ ብሎ ያስረዳል። ሴቶች ስለምትጠይቁኝ እንዳለው አድርጌ ልንገራችሁ። ይህ ቀዶ ጥገና ለመልክ አይደለም። ከጨጓራው አብዛኛውን ይቆርጡታል፤ የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። የበግ ጨጓራ የሚባል ነገር የለም። ብቁ ነሽ ለመባል መጀመሪያ ክብደትሽ ከቁመትሽ ጋራ ይታያል። ቀጥሎ ውፍረቱ ያመጣው ሕመም አለ ወይ ይባላል፤ ስኳር፣ ግፊት፣ የእንቅልፍ ትንፋሽ። ከዚያ በሌላ መንገድ ሞክረሽ አልሆነልሽም ወይ ይባላል። መጨረሻው ግን ከሁሉም ከባዱ ነው አለኝ፦ «ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ ዕድሜዎን ሙሉ ይችሉታል ወይ? ትንሽ ትንሽ መብላት፣ መድኃኒት አለማቋረጥ፣ ክትትል አለመቅረት። ሰውነትዎ ብቁ ሆኖ ኑሮዎ ብቁ ካልሆነ አንሠራም።»

የሞከርሁትን ነገርሁት። ስኳር ከሻይ ማውጣቴን፣ ራት መተዌን፣ ጉልበቴ እስኪያቅተኝ በእግር መሄዴን። «ጾምም አልፈታም» አልሁት። ፈገግ አለ። «ጾሙ ለነፍስ ነው። ዘይት የበዛበት ሽሮ ግን ሥጋ ዘንድ ሲደርስ ያው ምግብ ነው» አለኝ።

«ሲተኙስ ትንፋሽዎ ይቋረጣል?»

«እኔ ተኝቼ በምን አውቃለሁ?»

«ባለቤትዎ ምን ይላሉ?»

«ታንኮራፊያለሽ ይላል። እሱም ያንኮራፋል፤ ማን ማንን ይሰማል?»

ሳቀና ይህን ነገር ሳይረሳው ጻፈው። ስወጣ ሲስተሯ «ነገ ጠዋት ጾመው ይምጡ፤ ደም ይወሰዳል» አለችኝ። እኔ በሆዴ ምነው ይች ልጅ አልሁ፤ ነገ ረቡዕ አይደል? ክርስቲያን መሆኔን ማተቤን አይታ አታውቅም?

ረቡዕ

ጠዋት ስነሣ እትዬ ሽሮ በዘይት፣ የተልባ ፍትፍት፣ የተቀቀለ ድንች አቅርበዋል። በደህናው ጊዜ ረቡዕን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር የምጾም፤ በስኳሬ ምክንያት ግን የነፍስ አባቴ ጠዋት የጾም ምግብ እንድቀምስ ፈቅደውልኛል።

«ጾመሽ ነይ ብለውኛል» አልኋቸው።

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው? የጾም ነው እኮ። ድስቱ እንኳ ቅቤ ነክቶት አያውቅም። ስኳር ይዞሽ ባዶ ሆድሽን ትወጫለሽ? በሞቴ።»

በላሁ። ደህና አድርጌ በላሁ።

ሲስተሯ መርፌዋን አዘጋጅታ «ጾመዋል?» አለችኝ።

«ጾሜያለሁ፤ ረቡዕ አይደል?»

«ምንም አልቀመሱም?»

«ኧረ ምንም። ሽሮ ብቻ። ትንሽ ተልባ። ድንች። ሁሉም በዘይት ነው፤ ቅቤ በአጠገቡ አላለፈም።»

ሲስተሯ መርፌዋን አስቀመጠች። ከኋላዬ የተሰለፉ አንድ ሰውዬ ቀስ ብለው ከመስመሩ ሲወጡ አየሁ። «አባባ፣ ወዴት ነው?» ስትላቸው «እኔም ምስር በልቻለሁ፤ ነገ እመጣለሁ» አሏት። ያን ጊዜ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። ሲስተሯም ፊቷን በእጇ ሸፍና ሳቀች። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ካሁን በኋላ ባዶ ሆድ ነው የምል፤ ጾም የሚለውን ቃል ትቼዋለሁ» አለች።

ቀኑ እንዲሁ ተረፈኝ፤ ጣናን ልይ ብዬ ወደ ዳርቻው ወረድሁ። ጣናን አላውቀውም እንዳትሉኝ። እኛ ከጎርጎራ በኩል፣ ከራስጌው ነው የምናየው፤ እነሱ ደግሞ ዓባይ ሲወጣ ከግርጌው ያዩታል። የእኛ የመገጭ ወንዝ የሚገባው በእኛ በኩል ነው። ባሕር ዳሮች በሐይቁ ሲኮሩ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ ውሃውን የላክንላቸው እኛ ነን። ለሽርሽር ግን እነሱ አውቀውበታል። እኛ ጋ ዳርቻው የከብትና የሣር ነው፤ እነሱ ወንበር ዘርግተው፣ ጥላ ተክለው፣ ሰው ሻይ ይዞ ውሃ እያየ ይውላል። በደንገል ታንኳ ላይ ሁለት ሰዎች መረብ ሲጎትቱ እያየሁ ልቀመጥ ስል፣ የፕላስቲክ ወንበሩ ከሥሬ ተሰነጠቀና መሬት ላይ ተዘረጋሁ።

አስተናጋጇ ሮጣ መጣች። ከሁለት ሴቶች ጋራ አነሡኝ። ቀሚሴን አራገፈችልኝና ሦስት ወንበር አንዱን በአንዱ ላይ ደራርባ አመጣችልኝ። «አሁን ይቀመጡ እናቴ፤ ይኼ ዙፋን ነው» አለችኝ። «የእናንተ ወንበርም ረቡዕን ጾሟል መሰል፣ አቅም አጥቷል» አልኋት። ሻዩን አላስከፍልም ብላ ከእኔ ጋራ ተከራከረች። ሰው መውደቄን አየ፤ ግን እንደ ንግሥት ተቀምጬ ሐይቁን እስኪበቃኝ አየሁ።

ቤት ስመለስ ጉልበቴ አብጦ ነበር። እትዬ አሽተውልኝ ሲያበቁ ያው የጾም ራት፣ ያው በሞቴ። ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ እየጨመሩብኝ እንደመጡ ልብ አልሁ።

ሐሙስ

ባዶ ሆዴን ሄድሁ። እትዬ ሲጨቀጭቁኝ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የወጣሁ። ደሙ ተወሰደ። ከዚያ የምግብ ባለሙያዋ ዘንድ ገባሁ። ደሴ የተወለደች፣ ለጋ፣ ዓይኗ የሚያይ ልጅ ናት። ስሜን አንብባ «ስንቅነሽ» አለችና ፈገግ አለች። «እንግዲህ ከስምዎ ጋራ ነው የምንታገል።»

ከሰኞ ጀምሮ የበላሁትን ሁሉ ጠየቀችኝ፤ ሳልደብቅ ነገርኋት። የሽንኩርት ነጋዴዎቹን፣ ቀረሶውን፣ ሽሮውን።

«ከዚህ ውስጥ ርቦዎት የበሉት የቱ ነው?» አለችኝ።

አሰብሁ። ባሰብሁ ቁጥር ተሳቀቅሁ። «ሻዩ» አልኋት።

«ቀዶ ጥገናው ከሆነ በኋላ ከልክ በላይ አንድ ጉርሻ ቢጨምሩ ያማል፤ ያስመልሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዚያም የከፋ አደጋ ያመጣል። አሁን ይንገሩኝ፤ ሰው በሞቴ ሲልዎት ምን ያደርጋሉ?»

«እበላለኋ። ምን ላድርግ፣ ይሙቱ?»

አልሳቀችም። «ከስኳርዎ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይኼ ነው» አለች። «ነገ ሁላችን ተቀምጠን ነው የምንወስን። ዛሬ ወስኚ ብባል፣ ገና ናት፣ ከወራት በኋላ ትመለስ ነው የምለው።»

ንዴት ያዘኝ። ሁዳዴን አምሳ አምስት ቀን ስጾም እናቴ ከመቃብር ተነሥታ በሞቴ ብትለኝ ወተት በአፌ እንደማይገባ ነገርኋት። «አምናለሁ» አለች። «በጾም ማንም በሞቴ አይልዎትም፤ ጾመኛ ነኝ ካሉ ሁሉም አፉን ይይዛል። ሲፈታስ?»

ዘንቢሌን አንሥቼ ልወጣ ተነሣሁ። 

«ዛሬ ማታ እምቢ ማለትን አንድ ጊዜ ይሞክሩት። ቢያቅትዎትም ይንገሩኝ፤ እውነቱን ብቻ» አለችኝ።

ቤት ስደርስ ሽታው ከበር ተቀበለኝ። እትዬ ዶሮ አርደዋል። ነገ ዓርብ ነው፣ ነቢያትም ሊገባ ነው፤ አበልጄ ሳትፈስክ አትሄድም ብለው ከጠዋት ጀምረው ሽንኩርት ሲያቁላሉ ውለዋል። እኔ ጓሮ ወጥቼ እጄን ስታጠብ መርጌታን አገኘኋቸውና የገጠመኝን ሁሉ ነገርኋቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

«በሞቴን የሚያሸንፍ ግዝት ብቻ ነው» አሉኝ። «የንስሐ አባታችንን ልጥራና ማንጠግቦሽን ልናስገዝታት? ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አትልም።»

ልቤ ከጀለ፤ አልዋሽም። ግን «አይ መርጌታ» አልኋቸው። «እዚህ ቢገዝቱልኝ ቆላ ድባን ማን ይገዝትልኛል? ሰርጉን፣ ተዝካሩን፣ ማኅበሩን? ራሴ ልበለው።»

«እንግዲያውስ እግዚአብሔር ይርዳሽ። እኔ አርባ ዓመት ሞክሬ አልቻልሁም» አሉኝ።

ቀረብን። ትንሽ፣ ቀስ ብዬ በላሁ፤ እንቁላል አንድ። ከዚያ እጄን ሰበሰብሁ። እትዬ ፈረሰኛውን አንሥተው፣ መረቁን ከእንጀራው ጋራ አጣፍተው ወደ አፌ አመጡት።

«በቃኝ እትዬ።»

«ምኑ በቃሽ? ምን በላሽና? በሞቴ።»

እጃቸው አየር ላይ ቆሟል። ወጡ በጣታቸው መካከል ይንጠባጠባል። እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝሁና እንዲህ አልኋቸው፦

«እትዬ፣ እርስዎ በሞትዎ ለመኑኝ። እኔ ደግሞ በሕይወቴ እለምንዎታለሁ፤ ይተውኝ።»

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሱት። መርጌታ ቀስ ብለው አነሡና «እኔን በሞቴ ያለኝ ሰው የለም፤ ሳይለምኑኝ ልብላው» ብለው ጎረሱት። እትዬ አልሳቁም። ሌሊቱን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

ዓርብ

ጠዋት እትዬ እግዜር ይመስገን ከማለት በቀር አላነጋገሩኝም። ለእርቅ ብዬ ያደረውን ድንች ልበላላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ደስ ብሎኝም ከፍቶኝም ሆስፒታል ሄድሁ።

ሦስቱም ተቀምጠዋል፤ ሐኪሙ፣ የምግብ ባለሙያዋና ሲስተሯ። ባለሙያዋ «እንዴት ሆነ?» አለችኝ። የሆነውን ሁሉ፣ መኮራረፋችንንም ጨምሬ ነገርኋት። «በሕይወቴ» ያልሁትን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ «ሰውነትዎ ብቁ ነው። አንድ ያልለየለት ነገር አለ፤ ይህ የእንቅልፍ ትንፋሽ። ካልታወቀ ማደንዘዣው አደገኛ ነው። ሰሞኑን አብሮዎት የተኛ ሰው አለ?» አለኝ።

«አለ። ግን እትዬ አኩርፈውኛል።»

«እንደውልላቸዋለን።»

ስልኬን አውጥቼ ደወልሁ፤ ሐኪሙ ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አደረገው። ሐኪም መሆኑን ነግሯቸው «ወይዘሮ ስንቅነሽ ሲተኙ ትንፋሻቸው ይቋረጣል?» ሲላቸው፣ አኩርፈው ይዘጉብናል ብዬ ፈራሁ። 

«ይቋረጣል እንጂ» አሉ እትዬ። «ከሰኞ ጀምሮ መች ተኝቼ አድሬ ነው? እንደ ወናፍ ስታንኮራፋ ትቆይና ድንገት ጭጭ ትላለች። ተነሥቼ አፏ ላይ እጄን አደርጋለሁ። ትንፋሽ የለም። ልጮህ ስል እንደገና ትመልሰዋለች። ተቀምጬ ነው የማነጋ።»

«ለሳቸው ነግረዋቸዋል?»

«ምን ብዬ? ላስደነግጣት ነው? አቅም አንሷት ነው፣ ደክማ ነው ብዬ አበላት ነበር። እሷ ደግሞ አሻፈረኝ አለች።» ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «ልጄ፣ እባክህ፣ ሳትበላ አድራ ብትሞትብኝስ?»

 የምግብ ባለሙያዋ ስልኩን ወደ ራሷ ሳበችና «እናቴ፣ ትንፋሻቸውን የሚያቋርጠው ውፍረቱ ነው። ሲቀንሱ ይሻላቸዋል። ትናንት እምቢ ያሉዎት ለዚህ ነው» አለቻቸው።

 «ታዲያ ይኼን ቀድማ ብትነግረኝ ዶሮዋን አላርድባትም ነበር» አሉ እትዬ።

ባለሙያዋ ራሷን በእሽታ ስትነቀንቅለት ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «ብቁ ነዎት» አለኝ። አዲስ አበባ ሂጄ መጀመሪያ እንቅልፌ ይመረመራል፤ ትንፋሽ የሚያግዝ መሣሪያ ካስፈለገም እለማመደዋለሁ። ቀዶ ጥገናው ከጥምቀት በኋላ ነው። እስከዚያ እንድወስንም ነገረኝ፤ ብቁ መሆን ግዴታ አይደለም አለኝ። እኔ ግን ወስኜ ነው የወጣሁ። ብዙ ጊዜ ጥሩ ነጋዴ፣ ጥሩ ባለሙያ ተብያለሁ። ብቁ ነሽ ያለኝ ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። ሽምብጥ እስክደርስ ቃሉን በአፌ እያገላበጥሁ ሄድሁ።

እትዬ በር ላይ ነበሩ።  አቅፈው አንገቴ ሥር ተነፈሱ፤ እኔም እንደሱ።

ቅዳሜ

የመልሱ መኪና ሌላ ነበር፤ የዚህኛው ረዳት የአንድ ሰው ብቻ አስከፈለኝ፤ እኔም አላስታወስሁትም። ቆላ ድባ ስገባ ፈንታሁን መናኸሪያ ወጥቶ ጠበቀኝ።

«ምን አሉሽ?»

«ብቁ ነሽ አሉኝ።»

«ይኼን ሊነግሩሽ ነው ያን ሁሉ መንገድ የወሰዱሽ? እኔ ከሰርጋችን ቀን ጀምሮ አውቀው ነበር» አለኝና ዘንቢሌን ተቀበለኝ።

ማታ ደህና ገባሁ ልበል ብዬ ለእትዬ ደወልሁ። ሲያስቡበት ውለዋል።

«አዲስ አበባ ማን ነው የሚያስታምምሽ?» አሉኝ።

«ልጄ እዚያ አለ፣ ፈንታሁንም ይመጣል።»

«ወንድ ምን ያውቃል? እኔ ነኝ የምመጣ። ሆስፒታሉ ደውዬ ያችን የደሴዋን ልጅ ጠይቄያታለሁ፤ መጀመሪያ የሚሰጥሽ ቀጭን ሾርባ ነው አለችኝ። በማንኪያ እየለኩ ነው አለችኝ። በአንድ ጊዜ ስንት ማንኪያ ነው የምትጠጭ?»

«ጥቂት ናት እትዬ። በጣም ጥቂት።»

«ጥቂት? ያን የምታህል ሰው?» አሉ። ሲተነፍሱ ይሰማኛል። «በሞ…» ብለው ጀመሩና ዋጡት።

«ይሁን» አሉ። «ጥቂትም ብትሆን የማጠጣሽ እኔ ነኝ።»